የካራቲና ቅዳሜ

ያን ቅዳሜ ከናይሮቢ የወጣነው ተራራ ለማየት ነበር። እዚያ የምትኖረው ልጄ “ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ብትመጣ” እያለች ስትወተውተኝ ከርማ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጄን አስከትዬ ሄድኩ። ልጅቷ ከአዲስ አበባ ጀምራ የምታወራው ስለ ኬንያ ተራራ ብቻ ነበር። ከፍታው 5,199 ሜትር መሆኑን፣ በአፍሪካ ከኪሊማንጃሮ ቀጥሎ ሁለተኛ መሆኑን፣ ከራስ ዳሸን እንደሚበልጥም ትንሽ ቅር እያላት ነገረችን።

ተራራውን አላየነውም። በእኛ ክረምት ወራት በዚያ አገር ዝናቡ ጋብ ይላል እንጂ ሰማዩ አይገለጥም። ሐምሌና ነሐሴ የብርድና የደመና ጊዜ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ያ ታላቅ ተራራ ጋቢውን እንደተከናነበ ዋለ። እኛ ያየነው ገበያ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ካራቲና ገበያ ይሆናል። ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምጠቅስ በዚያው ልክ አንብቡልኝ።

መንገዱ ከናይሮቢ ወደ ሰሜን በቲካ በኩል ይወጣል። መጀመሪያ እስከ አድማስ የተዘረጋ የአናናስ እርሻ ይታያል፤ ከዚያ አፈሩ እየቀላ፣ ኮረብታው እየበዛ፣ የቡና ተክል በየዳገቱ ብቅ ብቅ እያለ ይመጣል። ከሳጋና በፊት መንገዱ ዳር ሩዝ በየከረጢቱ የደረደሩ ሻጮች መኪናውን ከበቡት። ሩዙ የምዌያ ነው። የምዌያን የመስኖ ቦዮች በ1950ዎቹ የቆፈሩት እንግሊዞች በማው ማው አመፅ ያሰሯቸው ሰዎች ናቸው። ልጄ ሁለት ኪሎ ገዛች። ሻጩ ጥቂት እፍኝ ጨምሮ “ንዮንጌዛ” አላት። የልጅ ልጄ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች። “ምርቃት ማለት ነው” አላት አክስቷ። ምርቃት የሌለበት የገበያ አገር አለ ብዬ አላምንም።

ካራቲና ከናይሮቢ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በኒዬሪ ካውንቲ፣ ከተራራው በስተደቡብ ምዕራብ ግርጌ ትገኛለች። እስከ ናንዩኪ የሚዘልቀው የባቡር ሐዲድ በመሃሏ ያልፋል። ከተማዋ ትልቅ አይደለችም፤ ገበያዋ ግን በምሥራቅ አፍሪካ በስፋታቸው ከሚታወቁት የሜዳ ገበያዎች አንዱ ነው። ዋና ዋናዎቹ የገበያ ቀናት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ናቸው። ከፊሉ ሻጭ በሕንፃ ውስጥ፣ ከፊሉ ደጅ ላይ ይቀመጣል። ድንቹ በጆንያ፣ ጥቅል ጎመኑ እንደ ድንጋይ ካብ፣ ካሮቱ ታጥቦ፣ አቮካዶው በመደብ፣ ያልበሰለው ሙዝ ከነግንዱ፣ ቦሎቄው በየዓይነቱ ቀይ፣ ነጭ፣ ዝንጉርጉር ሆኖ ተዘርግቷል። ከፍ ካለው ሜዳ ደግሞ “ሚቱምባ” የሚሉት የልባሽ ጨርቅ ተራ አለ። አሮጊቶቹ “ኪዮንዶ” በሚባለው ጥብቅ አድርገው በሚሠሩት ዘንቢል ይሸከማሉ፤ ማንገቻውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ዘንቢሉን ጀርባቸው ላይ ያሳርፉታል።

ወደ እህል ተራው ስንገባ በአንድ ጋሪ ላይ የቦሎቄ ጆንያ ያስጫኑ አንዲት አሮጊት ከፊታችን ነበሩ። ጋሪው ገና ሳይቆም የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት መጣና እጁን ዘረጋ። አሮጊቷ ከወገባቸው የተቋጠረ መሐረብ ፈተው ሳንቲም ቆጠሩለት፤ እሱም ትኬት ሰጣቸው። ትኬቱን አጣጥፈው መሐረባቸው ውስጥ አሰሩት።

“አባባ፣ ገና ሳይሸጡ ለምን ይከፍላሉ?” አለችኝ የልጅ ልጄ።

ዝም አልኩ። ልጄ “የቦታ ነው፣ የጽዳት ነው፤ ለካውንቲው ነው የሚገባው” ብላ መለሰችላት። ትክክል ነው። ልጅቷ ግን ያን መልስ ይዛ አልሄደችም። “ካልተሸጠላቸውስ ይመልሱላቸዋል?” አለች። አክስቷ ጥያቄውን በስዋሂሊ ለአሮጊቷ አቀረበችላቸው። ጥርሳቸው ጥቂት ቢሆንም ሳቃቸው ሙሉ ነበር። “ዝናብ ገበያውን ቢበትነውም አይመልሱም” አሉ። ከዚያ ልጅቷን አጠገባቸው አስቀመጧት። በኪኩዩ ቋንቋ አያት ሴት “ሾሾ” ትባላለች፤ እኛም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሾሾ አልናቸው።

ከዚያ በኋላ የምነግራችሁ ግማሹ ከሾሾ አፍ የሰማሁት፣ ግማሹ ስለዚያ አገር ታሪክ ከዚህ ቀደም ያነበብኩት ነው።

እንግሊዝ ያን አገር ግዛቴ ነው ብላ ያወጀችው በ1895 ነው። ከዚያ በፊትም የኪኩዩ ሕዝብ ገበያ ነበረው፤ በቋንቋቸው “ንዱኙ” ይሉታል። እኛ ገበያችንን በሳምንቱ ቀን ስም እንጠራለን፤ ቅዳሜ ገበያ፣ ሐሙስ ገበያ እንላለን። የኪኩዩ ገበያ ግን በየአራተኛው ቀን ነበር የሚውለው። የአንዱ ቀዬ ገበያ ሲውል የጎረቤቱ ያርፋል፤ በዚህ ዓይነት ሴቶቹ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ ይነግዳሉ። ገበያው የሴቶች ነበር ማለት ይቻላል። ኪኩዩና ማሳይ በሚዋጉበት ጊዜ እንኳ እህል የተሸከሙ ሴቶች ድንበሩን ተሻግረው ከማሳይ ሴቶች ጋር ይገበያዩ ነበር። ወንዱ ከብት ለመዝረፍ ጦር ሲስል ሴቷ በዚያው መንገድ ባቄላና ማሽላ ይዛ ታልፋለች፤ የሚነካት የለም። ይህ የተጻፈ ሕግ አልነበረም። ሁለቱም ወገን መብላት ስላለባቸው የተከበረ ሥርዓት ነበር። ስለዚህ “ሕግ ወደ ገበያ የመጣው ከነጮች ጋር ነው” የሚል ካለ ተሳስቷል።

ነጮቹ ያመጡት ግብር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የጎጆ ግብር ታወጀ፤ የሚከፈለውም በጥሬ ገንዘብ ነው። ፍየልና ማሽላ ያለው ሰው ሳንቲም ከየት ያመጣል? ወይ ነጩ ሰፋሪ እርሻ ላይ ተቀጥሮ ይሠራል፣ ወይ ያመረተውን ይሸጣል። ሰፋሪዎቹ የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ነበር። ገበሬው ጓሮው ካመረተው ግብሩን መክፈል ከቻለ ማን ለነሱ ቡና ይለቅማል? የቅኝ ግዛቱ መንግሥት በገበያ ላይ የነበረው አቋም ከዚህ ነው የሚነሳው። አንድ እጁ ገበያውን ይፈልገዋል፣ ግብር የሚገኘው ከዚያ ነውና። ሌላው እጁ ይፈራዋል፣ ገበያው ሰውን ነጻ ያደርጋልና።

ወንዶቹን ለመቆጣጠር “ኪፓንዴ” መጣ። ሕጉ በ1915 ወጥቶ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ ላይ ዋለ። ዕድሜው 16 የሞላ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ የጣት አሻራውና የአሠሪዎቹ ማስታወሻ ያለበትን ወረቀት በትንሽ ቆርቆሮ ሣጥን አድርጎ አንገቱ ላይ ማንጠልጠል ነበረበት። ሾሾ ይህን ሲያወሩ እጃቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው “እንደ ፍየል ቃጭል” አሉ። አባታቸው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያወልቁት እሱን እንደነበር ያስታውሳሉ። ሴቶች ግን ኪፓንዴ አይይዙም ነበር፤ ወንዱ የወረቀት እስረኛ ሲሆን ገበያውን ይዛ የተንቀሳቀሰችው ሴቷ ናት።

ቀጥሎ ተራው የገበያው ሆነ። በ1925 የአገሬው ምክር ቤቶች የሚባሉ ተቋቋሙ። ስማቸው የአገሬው ይሁን እንጂ ሰብሳቢያቸው እንግሊዛዊው የአውራጃ ገዥ ነበር። የእነዚህ ምክር ቤቶች አንዱ ገቢ የገበያ ቀረጥና የሱቅ ቦታ ኪራይ ሆነ። የትኛው ሜዳ ገበያ እንደሚባልና የትኛው እንደማይባል መንግሥት ይወስን ጀመር። ፈቃድ ያለው ገበያ ይከለላል፣ ቀረጥ ሰብሳቢ ይቆምበታል። ከፈቃዱ ውጭ መንገድ ዳር ዘርግቶ የተገኘ ይቀጣል።

በዚህ ውስጥ በጎ ነገር አልነበረም ብል እዋሻለሁ። የታረደ ሥጋ መመርመሩ፣ ሽንት ቤት መቆፈሩ፣ ሚዛን መፈተሹ ለሁሉም የሚጠቅም ነው። ከቀረጡ ገንዘብ ትምህርት ቤት የሠሩ ምክር ቤቶችም ነበሩ። ግርግር ለሌባ ይመቻል እንደምንለው፣ ሥርዓት የሌለው ገበያ የሚጎዳው መጀመሪያ ድሃውን ነው። ነገሩ የሚለየው ደንቡ የተሠራው ለማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው።

ለዚህ የ1935ቱን ድንጋጌ ማየት ይበቃል። ድንጋጌው ስለ አገሬው ምርት ግብይት የወጣ ሲሆን፣ የተወሰኑ ምርቶች ከተመደቡ ገበያዎች ውጭ እንዳይሸጡ፣ የሚገዙትም ፈቃድ ያላቸው ነጋዴዎች ብቻ እንዲሆኑ ለመንግሥት ሥልጣን ሰጠ። የተሰጠው ምክንያት መልካም ነበር፤ የምርቱ ጥራት ይሻሻላል፣ ገበሬውን የሚያታልል ነጋዴ ይወገዳል ተባለ። በተግባር ግን ገዢው ጥቂት ሲሆን ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ይሆናል። ከግራር ወገን የሆነ “ዋትል” የሚሉት ዛፍ አለ፤ ልጡ ቆዳ ለማልፋት ይፈለጋል። የኪኩዩ ገበሬ ብዙ ተከለው። ልጡን ግን ላሻው ሰው መሸጥ አልቻለም። ከመንደር መንደር እየዞሩ ልጥ የሚሰበስቡ ትንንሽ አፍሪካውያን ነጋዴዎችም ከፈቃዱ ውጭ ቀሩ።

ቡናውማ ከሁሉ የባሰ ነበር። በመንገዳችን ያየነውን የገበሬ ቡና ልጄ ስታሳየኝ “ይህ ሁሉ በአባቶቻቸው ዘመን ክልክል ነበር” አልኳት። እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ በኬንያ አፍሪካዊ ገበሬ ቡና እንዲተክል አይፈቀድለትም ነበር፤ በኪኩዩ አገር ደግሞ ፈቃዱ ከዚያም ዘግይቶ ነው የመጣው። በሽታ ያዛምታሉ፣ ጥራቱን ያበላሻሉ የሚል ምክንያት ይሰጥ ነበር። የልጅ ልጄ አላመነችም። “ቡና? ተክሉን ራሱን?” አለች። በየጓሮው ቡና በሚተከልበት አገር ላደገች ልጅ ይህ የማይገባ ነገር ነው።

ሴቶቹ ደግሞ ሌላ መንገድ አገኙ። ናይሮቢ እያደገ ሲሄድ ቦሎቄና አትክልት በአውቶቡስ እየጫኑ ከተማ ወስደው መሸጥ ጀመሩ፤ ዋጋው ከአገር ቤቱ ገበያ ይሻላል። በዚህ ጊዜ የተቆጣው እንግሊዙ ብቻ አልነበረም። የራሳቸው ሽማግሌዎችና አንዳንድ የምክር ቤት አባላትም “ሴቶቻችን ከተማ ወርደው ይባልጋሉ” ብለው እንዲከለከሉ ጠየቁ። ይህን ለሾሾ ብናነሳላቸው ከት ብለው ሳቁ። “የምታሳስባቸው ልጅቷ አይደለችም፤ ልጅቷ ይዛ የምትመለሰው ገንዘብ ነው” አሉ። ይህን መልስ ልጄ ስትተረጉምልኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ያ ጦርነት ከእኛም ጋር ያገናኘናል፤ በ1941 ጣልያንን ከአገራችን ለማስወጣት በኬንያ በኩል ከገባው ጦር ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩ፤ በመጨረሻው የጎንደር ውጊያም ተሳትፈዋል። ጦር ስንቅ ይፈልጋል። ካራቲና ውስጥ አትክልት እያደረቀ ለሠራዊት የሚያቀርብ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በዙሪያው ያለው ገበሬ ሁሉ ድንች፣ ጎመንና ካሮት አመላላሽ ሆነ። በተራራው ግርጌ ገንዘብ ታየ። ጦርነቱ ሲያልቅ ገበሬዎቹ ፋብሪካው በእጃችን ይሁን ብለው ጠየቁ። አልሆነም፤ ተዘጋ። የዛሬው የካራቲና ገበያ በአትክልት ስም ያወጣው አንድም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ፋብሪካው ሲሄድ ሙያው ቀርቷል።

በቆሎው ግን አልተለቀቀም። በ1942 የበቆሎ ቁጥጥር የሚባል አሠራር ወጣ። ከአውራጃ ወደ አውራጃ በቆሎ ለማሻገር የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ጀመር። አፍሪካዊው ገበሬ ለአንድ ጆንያ የሚከፈለው ነጩ ገበሬ ከሚከፈለው ያነሰ ነበር፤ እህሉ ግን አንድ ዓይነት ነው። ይህን ስሰማ የእኛ ዘመን ኬላ ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ የእህል ንግድ ተይዞ፣ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር አንድ ኩንታል ጤፍ ለማሻገር የነበረውን ጭንቀት ዕድሜዬ ያላችሁ አትረሱትም። በ1990 የእህል ንግዱ ነጻ ሲለቀቅ ሰዉ የተሰማው እፎይታም ትዝ ይላችኋል።

ከዚያ ጥቅምት 20 ቀን 1952 ደረሰ። እንግሊዞች በማው ማው አመፅ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ኒዬሪ የአመፁ እምብርት ከነበሩት አንዱ ነው፤ ዝነኛው የአርበኞች መሪ ዴዳን ኪማቲም የዚያው አገር ሰው ነው። በአካባቢው ጥቃት ሲፈጸም ወይም ሕዝቡ ለጫካ ሰዎች ስንቅ ያቀብላል ሲባል ቅጣቱ የጋራ ነበር፤ ከብት ይነዳል፣ ሱቅ ይታሸጋል፣ ገበያ ይዘጋል።

ሾሾ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ይህን ሲነግሩን ቦሎቄውን በእጃቸው እየበጠሩ ነበር፤ ቀና አላሉም። “አንድ የገበያ ቀን ከእናቴ ጋር ሄድን። ሜዳው ባዶ ነው። ወታደር ቆሟል። እናቴ የተሸከመችውን አላወረደችም፤ እዚያው ዞራ ተመለሰች። መንገዱን ሁሉ አላናገረችኝም። ማታ ያን ቦሎቄ ቀቅላ አበላችን። ብዙ በላን። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም።”

ከ1954 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የኪኩዩ ሰዎች ከየኮረብታው ተነስተው በአጥርና በጉድጓድ በተከበቡ መንደሮች እንዲሰፍሩ ተደረገ። ሴቶች እርሻቸው የሚደርሱት በተፈቀደላቸው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። ወረቀት ሳይጠይቃት በማሳይ ድንበር ታልፍ የነበረችው ሴት አሁን ከመንደሯ ወጥታ ለመሸጥም የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋት ጀመር። አዋጁ የተነሳው በ1960 መጀመሪያ ላይ ነው።

በታኅሣሥ 12 ቀን 1963 ኬንያ ነጻ ወጣች። ባንዲራው ተለወጠ፤ የገበያው አጥር ግን ባለበት ቆየ። የበቆሎ ማሻገሪያ ወረቀት ነጻነቱን ተሻግሮ እስከ 1990ዎቹ ዘልቋል። ነጩ ለራሱ የሠራውን በር ጥቁሩ ሹም ሲረከበው ከማፍረስ ይልቅ ቁልፉን መያዝ ቀሎታል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው አባባል ለእኛ ብቻ የተነገረ አይደለም። በ2010 በወጣው አዲስ ሕገ መንግሥት መሠረት ከ2013 ጀምሮ የገበያ ጉዳይ የካውንቲዎች ሆኗል። ቢያንስ ዛሬ ሾሾ ቀረጡን የሚያስከፍላቸውን ሰው በምርጫ ማውረድ ይችላሉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደግሞም የትኬቱ ገንዘብ የት እንደሚገባ ለመጠየቅ አይፈሩም፤ እኛ እያለን እንኳ ያን የደንብ ልብስ የለበሰ ልጅ ጠርተው ያልተጠረገውን ቆሻሻ በጣታቸው አሳዩት። ልጁም እሺ ሾሾ ብሎ አንገቱን ሰበረ።

ከመሄዳችን በፊት ቦሎቄ ገዛን። መስፈሪያው “ጎሮጎሮ” የሚሉት ሁለት ኪሎ ያህል የሚይዝ ጣሳ ነው። ሾሾ ጣሳውን ሞልተው፣ ቆለል አድርገው፣ ከላዩ እየፈሰሰ ለልጅቷ ከረጢት ውስጥ ገለበጡት። ከዚያ ሁለት እፍኝ ጨመሩ። “ንዮንጌዛ!” አለች የልጅ ልጄ። ሾሾ ሦስተኛ እፍኝ ጨመሩላት።

አሁን ዝም ያልኩበትን ልንገራችሁ።

ዕድሜዬ 19 እያለ አንድ ክረምት በአንዲት ትንሽ ከተማ ገበያ በር ላይ ትኬት ቆራጭ ሆኜ ሠርቻለሁ። የወላጆቼን ቤት የሚደግፍ ሥራ በማግኘቴ ኮርቼ ነበር። ዝናብ የያዘው የገበያ ቀን ነው። አንዲት እናት በትንሽ እንቅብ እንቁላል ጭድ ውስጥ ደርድረው መጡ። ሳንቲም አልነበራቸውም። “ሳልሸጥ ከየት ላምጣ ልጄ? ስወጣ እሰጥሃለሁ” አሉኝ። እኔ ግን ሳይከፍል ማንም እንዳይገባ ተብዬ ነበር። ከኋላ ሰልፉ ይገፋል፤ አለቃዬም ያየኛል። “መያዣ ያስቀምጡ” አልኳቸው። ነጠላቸውን አውርደው ሰጡኝ። አጣጥፌ ከጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ መጥተው ከፈሉ፣ ትኬት ቆረጥኩላቸው፣ ነጠላቸውን መለስኩ። “እግዜር ይስጥልኝ” ብለውኝ ሄዱ። ደንቡን ጠብቄአለሁ፤ አንድም ሳንቲም አልበላሁም። ነገር ግን ያን ምስጋና በሰማሁት ቁጥር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ይህን ለልጆቼ ነግሬአቸው አላውቅም ነበር። ስለ ቅኝ ገዢዎች በደል ለልጆች ማውራት ቀላል ነው፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ አልተገዛንም ብለን ወሬውን ከዳር ሆነን ማውራት ይቀናናል። በካራቲና በር ላይ ያቺ ልጅ የጠየቀችው ጥያቄ ግን እኔ የቆምኩበትም በር ላይ ይደርሳል። ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ገበያ ስትወስዱ ስለ ዋጋ ብቻ አታስተምሯቸው። ማን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፍል፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ይጠይቁ። በጎ ደንብ ጥያቄ አይፈራም። የምታውቁትን፣ የሠራችሁትንም ጭምር ንገሯቸው።

ማታ ናይሮቢ ስንደርስ ልጄ የሾሾን ቦሎቄ ከበቆሎ ጋር ቀቀለችው። እነሱ “ጊዘሪ” ይሉታል፤ የእኛው ንፍሮ ነው። እየበላን የነጠላውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳቸው። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና ምንም አላለችም። የልጅ ልጄ ግን ማንኪያዋን አስቀምጣ አሰበች።

“አባባ፣ ነጠላቸው በዝናቡ በሰበሰ?”

“አይ የኔ እናት” አልኳት። “ነጠላው ጠረጴዛው ሥር ደረቅ ነበር። የበሰበሱት እሳቸው ናቸው።”